የኮምፒውተሩ ዳንቴል

ከፋሲካ በኋላ አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰንበት ሳይገባ ሳሎኑን ላጽዳ ብዬ የልጅ ልጄን የሺራን ኮምፒውተር ዳንቴሉን ገፈፍ ባደርገው ምን ቢሸተኝ ጥሩ ነው? የጋለ ጥጥ! አቧራ ገባ ያለበት፣ ሊያር ትንሽ የቀረው ጥጥ። ጨርቁ እጄ ላይ ካውያ እንዳረፈበት ሸሚዝ ይሞቃል። መጥረጊያውን በአንድ እጄ፣ ዳንቴሉን በሌላው እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ከተለያየን አርባ ዓመት አልፎናል፤ አፍንጫ ግን ወዳጁን አይረሳም። የጎንደር ፒያሳ፣ የጋሽ ሙሳ ሬዲዮ ቤት ሽታ ነው። እዚሁ እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎን መሃል የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆንኩ። ሚስቴ ጥሩወርቅ ከኩሽና "ምነው ድምፅህ ጠፋ? ጠረጋ ነው ወይስ ጸሎት?" እስክትለኝ ድረስ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሺራ የትልቋ ልጄ ልጅ ናት። ከሠራዊት ስትወጣ እናቷ ባለችበት ከተማ ሥራ አላገኘችምና እኛ ዘንድ መጣች። ሱፐርማርኬት ኩፓ ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ስትቀበል ከረመችና፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ጠራርጋ ያንን ኮምፒውተር ገዛች። የጨዋታ ኮምፒውተር ነው። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ጎኑ መስታወት ነው፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይሯሯጥበታል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን "ሠርግ ቤት ነው እንዴ የገዛሽው?" ብያት ስቃለች። የእሷ ክፍል አልጋና ቁም ሣጥን ከያዘ ወዲህ ሰው እንኳ በጎኑ ነው የሚያልፍበት፤ ስለዚህ ሳሎን ውስጥ፣ ከበረንዳው በር አጠገብ ተቀመጠ። ከበረንዳችን ባሕሩ ይታያል። አሸዋውም ሳይጠሩት ይገባል።

ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃቸው ገበያ ሳይወጣ ተጫውቶ ጉድለቱን የሚነግራቸው ሰው ይቀጥራሉ አሉ። እኛ ጠጅ ከመሸጡ በፊት ቀማሽ እንደምናስቀምሰው መሆኑ ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት ሺራን ሊሞክራት ፈቀደ። ፈተናው ቤቷ ሆና፣ በራሷ ኮምፒውተር፣ ሦስት ሰዓት ሳታቋርጥ ተጫውታ ያየችውን እንከን መጻፍ ነው። በመጀመሪያው ፈተና አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኮምፒውተሩ ወደቀ። እነሱ የሚሉት እንደዚያ ነው፣ "ነፋል"፣ ወደቀ። ሥዕሉ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠፋል። በሁለተኛው ፈተናም እንዲሁ ሆነ። ድርጅቱ "መጪው እሑድ ጠዋት የመጨረሻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን" ብሎ ጻፈላት። ልጅቱ መልእክቱን በስልኳ አንብባ ለእኛ ስትተረጉምልን ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ምሳዋን ግን አልነካችም።

እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በሆዴ ደስ አለኝ። የተበላሸ ዕቃ ቤቴ ገባ! ወደዚህ አገር ስመጣ ካቻቢቴዬንና መበየጃዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ከልብሴ በፊት ነበር ሻንጣ ውስጥ ያስገባሁት። ምን ዋጋ አለው? እዚህ ሬዲዮ ሲበላሽ አይጠገንም፤ መንገድ ዳር ይጣላል። መጀመሪያ ሰሞን ቤት ኤሊዔዘር ከሚባለው ሰፈር እስከ ባሕሩ ድረስ የተጣለ ሬዲዮ እየለቀምኩ እጠግን ነበር። ቤቱ ሞላ፣ ገዥ የለም። አንድ ቀን ጥሩወርቅ "ወይ ሬዲዮው ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ" አለችኝ። ሬዲዮው ወጣ። ከዚያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወረቀት ፋብሪካ ጥቅልል ወረቀት ስገፋ ኖርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ዕቃ ፈትቶ የማዳን እጄ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛሁና ሥራዬን ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ መቼ ወደቀ? ምን ሲሠራ? ከወደቀ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተነሣ? እያልኩ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሶኬቱን ጠረጠርኩ፣ ለወጥኩት፤ ወደቀ። ቀጥሎ ማስታወሻ የሚሏትን ቀጭን ሰሌዳ ሺራ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ጥርሷን በላጲስ ፈግፍጌ መለስኳት፤ ወደቀ። ፕሮግራሙን አድሺው አልኳት፣ አደሰችው፤ እንደገና ወደቀ። ሺራ አንዳንዴ "ዲ፣ በቃ፣ አባባ፣ ተወው" ትለኛለች። "ምን እተዋለሁ! ሥራሽን እኮ ነው ሊያሳጣሽ ያለው" እላታለሁ። ፊቷን ታዞራለች። ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። እኔ ምን አውቄ!

በመጨረሻም ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የገበያ ጋሪያችን ላይ አስሬ፣ በአውቶቡስ ሐዴራ መሃል ከተማ ጠጋኝ ጋር ወሰድኩት። ዳንቴሉን እንዳይቆሽሽ ቤት ትቼዋለሁ። ጠጋኙ ሚሻ ይባላል፤ እንደኔ ከሩቅ የመጣ፣ ከሩስያ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ሁለታችንም በተሰባበረ ዕብራይስጥ ነው የምንግባባው። ሁሉን ፈተሸው። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ሐሙስ ዕለት ልወስደው ስሄድ ራሱን እያከከ "ስማ ታደሰ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዱን ከፍቼ አስሮጥኩት፣ አንዴም አልወደቀም። ኮምፒውተራችሁ ጤነኛ ነው። የታመመው ቤታችሁ ነው" አለኝ። ተናደድኩ። ቤታችሁ ታሟል ይባላል? በዚያው ጋሪ እየጎተትኩ ተመለስኩ፣ ጥሩወርቅም ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሺራ ልትሞክረው ተቀመጠች። ሃምሳ ደቂቃ ቆየና ወደቀ። ልጅቱ ምንም ሳትል ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። እኔም መጥረጊያ አነሣሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያ ሽታ የመጣው።

እንግዲህ ጎንደር ልግባ። ጋሽ ሙሳ ሬዲዮ ቤት ሁለት ክንድ የማትሞላ ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሳለ ሬዲዮ ነበር፣ ሠዓሊው መጠምዘዣዎቹን ሦስት አድርጎ ስለሳላቸው ሰው ሁሉ "ሦስት ዓይናው ጋ" ይለን ነበር። እኔ ከወለቃ፣ ከቤተ እስራኤል መንደራችን፣ በእግሬ እመጣለሁ። የኛን ወገን በሩቁ የሚያይ በበዛበት ዘመን ጋሽ ሙሳ እጄን አይቶ ቀጠረኝ፤ ወሬኛ ሲመጣ "ሬዲዮው ሃይማኖቱን አልጠየቀኝም" ብሎ ይመልስ ነበር። ቅዳሜ የጎንደር ገበያ ነው፣ አገር ምድሩ ዕቃ ተሸክሞ የሚመጣው በዚያ ቀን ነው። እኔ ደግሞ በሰንበት እሳት አልነካም፣ ብረት አላነሣም። ጋሽ ሙሳ ግን አንድም ቅዳሜ ቅር ብሎት አያውቅም። "አንተ ቅዳሜን ጠብቅ፣ እኔ ዓርብን፤ ሬዲዮው መሃል ለመሃል ይድናል" ይል ነበር። እንዲያ ያለ ሰው አፈሩ ይቅለለው።

ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ጨምረህ በስሙኒ ጠግበህ ትውላለህ። ቤልቦቶም ሱሪ ነበረኝ፣ ከታች ጎዳናውን የሚጠርግ፤ ጥሩወርቅ እስካሁን "መንገድ ጠራጊ መስለኸኝ ነበር" እያለች ትስቅብኛለች። አፍሮዬ ውስጥ ማበጠሪያ ሰክቼ እዞራለሁ። ከፊት ለፊታችን ካለው ሙዚቃ ቤት የመሰንቆ ትዝታ ሲለቀቅ ጋሽ ሙሳ መበየጃውን አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔም የሱን አይቼ እጨፍናለሁ፣ ምን የሚታሰብ ነገር ነበረኝ በዚያ ዕድሜዬ! ማታ ማታ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወሬ የሚያዳምጥበት ዘመን ነበር፣ እሱን ልለፈው። የሬዲዮዎቹ ሆድ በአምፖል የተሞላ ነው፤ ሲሞቁ አቧራው ይሸታል፣ ያለበሷቸው ጨርቅም ይሸታል። በጎንደር ሬዲዮ ራቁቱን አይቀመጥም። ያለ ዳንቴል ሬዲዮ ያስቀመጠ ቤት ሴት የሌለበት ቤት ነው ይባላል።

ከጥሩወርቅ ጋርም ያገናኘን ይኸው ዳንቴል ነው። ዳንቴል የምትሠራ የወለቃ ልጅ ነበረች፤ ጣቷ ሲፈጥን ኪሮሹ አይታይም። ደንበኛ ሬዲዮ ሲያስጠግን "ልብስስ አለው?" እለዋለሁ። የለውም ካለ ቁመቱን፣ ወርዱንና የድምፅ ማጉያውን ቦታ በክር እለካና፣ በክሩ ላይ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ማታ ወለቃ ስገባ እሰጣታለሁ። አንደኛው ቋጠሮ ቁመት ነው፣ ሁለተኛው ወርድ፣ ሦስተኛው አፍ። ድምፁ እንዳይታፈን በዚያ በኩል ክብ አፍ ትታ፣ ዙሪያውን በአበባ ታስጌጠዋለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሬዲዮ እንዳለበስን እሷ ታውቃለች። ከጊዜ በኋላ ሬዲዮ ያልመጣበት ቀን ሲሆን ክሩን ያለ ሬዲዮ ቋጥሬ እወስድላት ጀመር። አንድ ቀን ክሩን ዘርግታ አየችና "ይሄስ የማን ሬዲዮ ነው? አፍ ብቻ ነው ያለው" አለችኝ። "የኔ ነው፣ የሚናገረው ነገር አለው" አልኳት። ሽማግሌ የላክሁት በዚያ ሳምንት ነው።

በዚያች ዓርብ ትዝ ያለኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ጠጅ ቤት የነበረቻቸው እትዬ፣ ሬዲዮአቸው ሰዓት ሳይሞላው ድምፁ ይጠፋባቸው ነበር። ሦስት ጊዜ አመጡት፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ እኛ ጋ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። በአራተኛው ልፈታው ካቻቢቴ ሳነሣ ጋሽ ሙሳ እጄን ያዘኝ። "አንተ ልጅ፣ ዕቃ ሲታመም ቤቱን ጠይቅ እንጂ ሆዱን ለምን ትቀደዋለህ?" አለና አብረን ሄድን። ሬዲዮው የተቀመጠበት መደርደሪያ ከጀርባው የኩሽናው ምድጃ ነበር! ግድግዳው እንደ ምጣድ ግሏል። ሬዲዮውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርነው፣ ዳነ። ጋሽ ሙሳ ምንም አላስከፈላቸውም፤ የቀረበለትን ብርዝ ጠጥቶ እየሳቀ ወጣ።

ወይ ታደሰ! "የታመመው ቤታችሁ ነው" ያለኝ ሚሻም ይህንኑ ነበር የነገረኝ፣ የሩስያው ጋሽ ሙሳ። ዳንቴሉን ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ገበር አለው፣ ወፍራም የአቡጀዲ ገበር። ገበሩን ማን አዘዘ? እኔ! በክረምት፣ የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ጥሩወርቅን "የባሕሩ አሸዋ ይገባበታል፣ ገበር አርጊበት" ብዬ የለካሁላት እኔ ነኝ። ብርዱ እያለ ኮምፒውተሩ ቻለው፤ ከፋሲካ ወዲህ ሙቀቱ ሲመጣ ታፈነ። በእጄ አናቱን ብዳስሰው ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ነው። ጀርባውም እንዲሁ። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ እኔ ደብተር ይዤ ሶኬት ስመረምር ልጄን የሚያስቀጥራትን ዕቃ በገዛ እጄ አንቄው ኖሯል። ማፈሩስ ይሁን፣ ከዚያ የባሰው ሌላ ነው። ጥሩወርቅ ዓይኗን ስኳር እየበላባት ነው። ያቺን ዳንቴል ሦስት ወር ሙሉ አብዛኛውን በዳሰሳ ነው የሠራቻት። ስትጨርስ "ይቺ የመጨረሻዬ ናት፣ ከእንግዲህ ዓይኔ አይመልስልኝም" ብላ ኪሮሿን ከመርፌዎቿ ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ዘግታ አስቀመጠች። እንግዲህ ሄጄ "የመጨረሻ ሥራሽ ነው የልጅቱን ሥራ የሚያሳጣት" ልበላት? ሻማው በራ፣ ሰንበት ገባ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ።

በሰንበት ከሰዓት በኋላ ሺራን ወደ ባሕሩ ይዣት ወረድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። "ልጄ፣ አገኘሁት፣ ዳንቴሉ ነው" አልኳት። ትደነግጣለች ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን በጣቷ ትቆፍር ጀመር። ያን ጊዜ ገባኝ። "ታውቂ ነበር?"

"ከመጀመሪያው፣ አባባ። ማህሼቭ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው፣ የኔ ሙያ ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ሶኬት ስቀይር፣ በጋሪ ስጎትት፣ ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

"ተወው ብዬህ ነበር እኮ! እማማ ሳትኖር አወልቀዋለሁ። ስትመጣ በእጇ ዳስሳ 'ምነው አራቆትሽው' ትለኛለች። በፈተናዎቹ ቀን ደግሞ ከጎረቤት ሴቶች ጋር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። 'ዳስሱት እስቲ፣ ዓይኔ ሳያይ የሠራሁት ነው' እያለች ታስነካቸዋለች። ምን ላድርግ? ከእጃቸው ልንጠቀው?"

"ሥራውስ?"

"ሥራ ሌላ ይገኛል፣ አባባ። እማማ ሌላ ዳንቴል አትሠራም።"

አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። እዚህ አገር የተወለዱትን ልጆች አማርኛቸው ጎደለ፣ ለሽማግሌ መነሣት ተዉ እያልን እናማቸዋለን። ይቺ ልጅ ግን ዓመት ሙሉ የለፋችበትን በአያቷ ደስታ ልትለውጥ ነበር። ኮራሁባት፤ ግን ደግሞ ይህ እንዲሆን አልፈቅድም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ንግግሩም የኔ ነው። ያንን ሌሊት እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳመላልስ፣ ሽማግሌ ልኬ ጥሩወርቅን ያስጠየቅሁ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

እሑድ ጠዋት ጸሎቴን ጨርሼ ሻይ አቀረብኩላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሺራ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማ በዓይኗ ተው ትለኛለች።

"ጥሩወርቅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ዛሬ ደግሞ ምን ሰበርክ?"

ነገርኳት። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ገበሩ፣ ልጅቷ አውቃ ዝም ማለቷን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሻዩን አስቀመጠች። እጇን ዘርግታ ዳንቴሉን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ወረደችበት።

"አፉ የት ነው?" አለችኝ።

"እ?"

"አፉ! ስንት ሬዲዮ ሳለብስልህ አፍ ሳልተው ያለበስኩት አንድ አለ?"

"የለም።"

"እዚህ ጋ ቁመት፣ እዚህ ጋ ወርድ፣ እዚህ ጋ አፍ ብሎ ክር የሚቋጥርልኝ ማን ነበር?"

"እኔ።"

"ታዲያ ለዚህኛው ክርህን ስታመጣ ቋጠሮው ሁለት ብቻ ነበር። አፍ የሌለው ዕቃ ነው ብዬ ደፈንኩት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዕቃ ፈታሁ እያልክ ትፎክራለህ፣ የሚተነፍስበትን አላየህም? እኔ ነኝ ዓይኔ የደከመ ወይስ አንተ?" ቀጥላ ወደ ሺራ ዞረች። "አንቺስ! እንዳይከፋኝ ብለሽ ሥራሽን ልትጥይ? ሽማግሌን እንደ ብርጭቆ ተሸክመሽ የት ልትደርሺ ነው? ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የኔ ልብ ደግሞ ገና አልታወረም። ነይ፣ አውልቂውና አፉን አሳዪኝ።"

ሺራ ዳንቴሉን አወለቀችው፣ ኮምፒውተሩን አስነሣችው። የአያቷን እጅ ይዛ መጀመሪያ አናቱ ላይ፣ ቀጥሎ ከጀርባው አስጠጋችው። ነፋሱ መዳፏን ሲነካት ጥሩወርቅ ደንገጥ አለች። "ውይ! ይተነፍሳል!" አለች። ፈተናው እስኪያልቅ ከዚያ ወንበር አልተነሣችም።

ፈተናው ተጀመረ። ሺራ ማዳመጫዋን በአንድ ጆሮዋ ብቻ አጠለቀች። እኔ ደብተሬን ይዤ ሰዓት እቆጥራለሁ፣ ጥሩወርቅ ቀኝ እጇን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አስጠግታ ተቀምጣለች። አርባ ደቂቃ፣ ሃምሳ ደቂቃ። ልማዱ ነው፣ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰዓት አለፈ! ጨዋታው ሲከብድ ጥሩወርቅ "አሁን ዳገት እየወጣ ነው፣ ትንፋሹ ሞቀ" ትላለች፤ ሲቀል "አረፈ" ትላለች። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ሥዕሉ ድርቅ አለ። ሺራ በጣቷ ነካካችው፣ ምንም የለም። "ነፋል" አለች በሹክሹክታ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ማን ወደቀ?" አለች ጥሩወርቅ።

"ማህሼቩ፣ እማማ። ቆመ።"

"አልቆመም። እንደ ቅድሙ ይተነፍሳል። እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሎለታል። ዕቃሽ ደኅና ነው፤ የቆመው ሌላ ነው።"

ሺራ ዓይኗ ፈጠጠ። አሰበች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጻፊያ በፍጥነት መነካካት ጀመረች። ኮምፒውተሩ በእርግጥም አልወደቀም፤ የወደቀው ጨዋታው ብቻ ነበር። ድርጅቱ ፈልጊልን ያላት እንከን ማለት ያ ነው! በታመመ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ እንደ ወትሮው የማሽኑ ውድቀት ነው ብላ ታልፈው ነበር። ጨዋታውን ዘግታ ከፈተችው፣ እዚያው ቦታ ደረሰች፣ ድርቅ አለ። ደግማ ከፈተችው፣ አሁንም ድርቅ አለ። ሦስቱንም ጊዜ ጥሩወርቅ "ይተነፍሳል" ስትል ሺራ ትጽፋለች። ሦስት ሰዓቱ ሲያልቅ ልጅቱ ማዳመጫዋን አውልቃ የአያቷን እጅ ሳመች። መዳፉ ቀልቶ ሞቆ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ተቀበሏት። ከብዙ ተፈታኞች ያንን እንከን ያገኘችው እሷ ብቻ ነበረች አሏት። "እንዴት አወቅሽው?" ሲሏት "አንድ መሣሪያ አለን ቤታችን" አለቻቸው አሉ። ሚሻንም ሄጄ አመሰገንኩት፤ የጋሽ ሙሳን ነገር በተሰባበረው ዕብራይስጤ ስነግረው ሳቀና ሻይ ጋበዘኝ። ሻይ በዚህ አገር ዋጋዋ የጎንደርን በሬ ጠልፎ ይጥላል፣ እሱን እንኳ አናንሣው።

ዳንቴሉስ? ጥሩወርቅ በፈተናው ዕለት ማታ ገበሩን በመቀስ ዘለዘለችው። ቆርቆሮ ጣሳዋን አስወረደችኝ፣ ኪሮሿን አወጣች። አናቱ ላይ አንድ፣ ጀርባው ላይ ሁለት አፍ ከፍታ፣ ዙሪያቸውን እንደ ድሮው በአበባ አስጌጠቻቸው። በጣቷ እየለካች፣ እየፈታች፣ እንደገና እየሠራች በጋውን ሙሉ ፈጀባት። ይኸው አሁን ስጽፍ ከፊቴ ለብሶት ተቀምጧል፤ መብራቱ በቀዳዳዎቹ እያለፈ ግድግዳችን ላይ ቀይና አረንጓዴ አበባ ይጥላል።

ትናንት ገበያ ልወጣ ስል ከበስተኋላዬ ጠራችኝ።

"ነጭ ክር እንዳትረሳ።"

"ደግሞ ለማን ነው? የመጨረሻዬ ናት ብለሽ አልነበር?"

"ሺራ ሥራ ቦታ ያለች አንዲት ልጅ ለኮምፒውተሬ ዳንቴል አምሮኛል አለች አሉ" አለችና፣ ጣሳዋን ጭኗ ላይ አደላድላ ሳቀች። "ስትለካ ግን ክሩን ሦስት ጊዜ ቋጥር። አደራህን፣ ከአፉ ጀምር።"